ሜላኖማ፦ ውስጥ እግር ላይ የሚሸሸገው ካንሰር

አሰላና በቆጂ የሩጫ አገር ናቸው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከአሰላ አካባቢ፣ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ደግሞ ከበቆጂና ከዙሪያው ወጡ። ዛሬም በየማለዳው የእነሱን ፈለግ ተከትለው የሚሮጡ ወጣቶች አሉ። ከመካከላቸው የእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ጠቁሮ የማያውቅ ጥቂት ነው። ጠባብ ጫማና ቁልቁለት ጥፍር ሥር ደም ያቋጥራሉ፤ ሯጭም ይህን ለምዶታል፣ አያስደነግጠውም።

ይሁን እንጂ ጥፍር ሥር የጠቆረ ሁሉ ደም አይደለም። ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር እንደ እኛ ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ባለው ሰው ላይ ሲወጣ በብዛት የሚታየው ውስጥ እግር፣ መዳፍና ጥፍር ሥር ነው። በሽታው ብዙ ሰው የሚይዝ አይደለም። አደገኛ የሚያደርገው በጊዜ ካልተደረሰበት ወደ ሌላው የሰውነት ክፍል ፈጥኖ መሰራጨቱ ነው።

ከየት ይመጣል?

ለቆዳችን ቀለም የሚሰጡት ሜላኖሳይት የሚባሉ ሴሎች ናቸው። እነዚህ ሴሎች ከልክ አልፈው ሲባዙ ሜላኖማ ይፈጠራል። በነጮች ላይ ዋናው ቀስቃሽ የፀሐይ ጨረር ነው። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ጨረሩ ከቆላው ይበረታል፤ ሆኖም ቆዳችን ራሱ ጥላ ይሆነናል። ውስጥ እግር ደግሞ መቼም ፀሐይ አይመታውም። ስለዚህ የእኛን ሜላኖማ ፊትና ትከሻ ላይ ብቻ የሚፈልግ ሰው ያልፈዋል። በፀሐይ አብዝተው የሚጎዱት አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ናቸው፤ እነሱን በብዛት የሚይዟቸው ግን ሌሎቹ የቆዳ ካንሰር ዓይነቶች ናቸው። ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ለእነሱ ቅንጦት አይደለም።

የዚህ በሽታ በጣም የታወቀው ታማሚ የሬጌ ዘፋኙ ቦብ ማርሊ ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. የእግሩ አውራ ጣት ሲቆስል የኳስ ጉዳት ይመስል ነበር፤ ሲመረመር ጥፍሩ ሥር ሜላኖማ ተገኘ። ጣቱ እንዲቆረጥ በእምነቱ ምክንያት አልፈቀደም፣ በምትኩ አነስ ያለ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በዓመቱ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ዛሬ በምዕራብ አርሲ ዞን ያለችውን ሻሸመኔን ጎበኘ። በመስከረም 1980 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ ሲሮጥ ወደቀ፤ ካንሰሩ አንጎሉ ደርሶ ነበር። ሜይ 11 ቀን 1981 እ.ኤ.አ. በ36 ዓመቱ አረፈ።

በዓይን መለየት

ከጥፍር እንጀምር። የቋጠረ ደም ከሆነ ጥፍሩ ባደገ ቁጥር ጥቁሩም ወደ ጫፍ ይገፋል፣ ከሥሩ ንጹሕ ጥፍር ይተካል። የእግር ጥፍር በወር ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚያድግ ለውጡ ቀስ ብሎ ነው የሚታየው። ጥፍሩን በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ ደግሞ አንስቶ ማስተያየት ነው። ጥቁሩ ካልተነቃነቀ ወይም ከሰፋ ጫማውን መውቀስ ይብቃ።

ሌላው ከጥፍሩ ሥር እስከ ጫፉ የሚዘልቅ ቡናማ ወይም ጥቁር መስመር ነው። ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች በብዙ ጣቶች ላይ እንዲህ ያለ መስመር መታየቱ የተለመደና አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የሌለው ነው። አጠራጣሪው በአንድ ጣት ብቻ፣ በተለይ በአውራ ጣት ላይ አዲስ ወጥቶ የሚሰፋው ነው። ቀለሙ ጥፍሩን አልፎ በዙሪያው ወዳለው ቆዳ ከፈሰሰ ጊዜ የሚሰጥ ጉዳይ አይደለም።

ውስጥ እግር ላይ ደግሞ የምልክቱ ሁለት ጎኖች አለመመሳሰላቸው፣ ዳሩ ወጣ ገባ መሆኑ፣ በአንዱ ነጠብጣብ ውስጥ ቡናማ፣ ጥቁርና ግራጫ መቀላቀሉ፣ ስፋቱ ከ6 ሚሊ ሜትር ማለፉ፣ ከሁሉም በላይ መለወጡ ይታያል። አንዳንዱ ሜላኖማ ጭራሽ ቀለም የለውም፤ ቀይ ሥጋ መስሎ ይወጣል፣ ይደማል፣ አይድንም።

የቆዳ ሐኪም ደርማቶስኮፕ በተባለች ብርሃን ያላት ማጉያ ሲያየው ከዚህ ያለፈ ነገር ያገኛል። የውስጥ እግር ቆዳ እንደታረሰ ማሳ ትልምና ጉብታ አለው። ጉዳት የሌለው ምልክት ቀለሙ በአብዛኛው በትልሙ ውስጥ ይተኛል፤ የሜላኖማ ቀለም ግን የላብ ቀዳዳዎች ባሉበት ጉብታ ላይ ይሰለፋል።

ሜላኖማ በመሣሪያ ያልታየ እንደሆነ ኪንታሮት፣ ሙጃሌ፣ የእሾህ ስባሪ ወይም ጫማ ያደነደነው ቆዳ ይመስላል። ስለዚህ ይፋቃል፣ በምላጭ ይቆረጣል፣ በጋለ ብረት ይተኮሳል፣ ቅጠል ይታሰርበታል። ላዩ ሲጠፋ ሥሩ ይቀራል፤ ሐኪሙ የሚያነበው ምልክትም አብሮ ይጠፋል። ጸበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ ምርመራውን ግን አያቆየው።

ምርመራውና ሕክምናው

ቁርጥ ያለው መልስ የሚገኘው በናሙና ነው። እግሩ በመርፌ ይደነዝዛል፣ ምልክቱ ትንሽ ከሆነ በሙሉ፣ ሰፊ ከሆነ ከወፈረው ቦታ ይወሰድና ወደ ፓቶሎጂ (የናሙና መመርመሪያ) ክፍል ይላካል። ናሙና መውሰድ ካንሰሩን ይበትነዋል የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። ከአርሲ ገጠር የሚነሳ ታማሚ መንገዱ በአብዛኛው ከጤና ጣቢያ ወደ አሰላ ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታል፣ ሲያስፈልግም 175 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ወደ አዲስ አበባ ነው። በዚያ በ1965 እ.ኤ.አ. ለሥጋ ደዌ ሕክምና የተቋቋመው አለርት የቆዳ ሕክምና ማዕከል ሆኗል፤ ጥቁር አንበሳ ደግሞ የካንሰር ሕክምና አለው።

ከፓቶሎጂ በሚመጣው ወረቀት ላይ አንድ ቁጥር አለ፦ ካንሰሩ ወደ ቆዳው ውስጥ የዘለቀበት ጥልቀት በሚሊ ሜትር። ይህን ልኬት በ1970 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ፓቶሎጂስት አሌክሳንደር ብሬስሎው ነው። ጥልቀቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ካላለፈ ብዙዎች በቀዶ ሕክምና ብቻ ይድናሉ፤ በጨመረ ቁጥር ተስፋው ይቀንሳል።

ቀዶ ሐኪሙም በዚሁ ቁጥር ይመራል፦ እስከ 1 ሚሊ ሜትር ለሆነው በዙሪያው 1 ሳንቲ ሜትር፣ ከ2 በላይ ለሆነው 2 ሳንቲ ሜትር ጤነኛ ቆዳ አብሮ ይነሳል። ክፍቱ ከሌላ ቦታ በተወሰደ ቆዳ ይሸፈናል። ጥፍር ሥር ጠልቆ ከሆነ የጣቱ ጫፍ ሊቆረጥ ይችላል። ሰው ከሐኪም ቤት የሚሸሸው ይህን ፈርቶ ነው፤ በመሸሽ የሚጠፋው ግን ከጣት ይበልጣል። ብሽሽት ላይ የሚወጣ ንፍፊትም ይዳሰሳል፣ ምክንያቱም የእግር ሜላኖማ ሲሰራጭ በብዛት መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው።

ከተሰራጨ በኋላ ኬሞቴራፒም ጨረርም ብዙ አይረዱም። ትልቁ ለውጥ የመጣው የሰውነትን የመከላከል ኃይል በሚያነቃቁ መድኃኒቶች ነው፤ ለግኝቱ ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ በ2018 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 እ.ኤ.አ. ከእነዚሁ መድኃኒቶች ሁለቱን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቷል። ዋጋቸው ግን ለአርሲ ገበሬ የሚቀመስ አይደለም፤ ውስጥ እግር ላይ በሚነሳው ሜላኖማ ላይ ያላቸው ውጤትም ከሌላው ያነሰ ነው። አቅማችን የሚደርስበት ሕክምና ቢላዋው ነው፤ ቢላዋው የሚያድነው ደግሞ በጊዜ የመጣውን ነው።

በጊዜ ለመምጣት ወጪ አያስፈልግም። በወር አንድ ቀን እግር ሲታጠብ ውስጥ እግርን፣ የጣቶችን መካከልና ጥፍሮችን ማየት፣ ጎንበስ ማለት ላቃታቸው አዛውንቶች ልጆቻቸው ማየት፣ አሠልጣኝም የሯጩን ጥፍር ማስተዋል ይበቃል። ጤና ጣቢያ የደረሰ ታማሚ ደግሞ ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ «የቆረጣችሁትን ለምርመራ ላኩልኝ፤ ውጤቱንም በጽሑፍ ስጡኝ።»