በማኅፀንና በጽንስ ሕክምና ለሚደረገው የጽሑፍ ፈተና ስለ መዘጋጀት

በማኅፀንና በጽንስ ሕክምና ልዩ ሐኪም ለመባል ከሚደረጉት ፈተናዎች መካከል፤ በእኛ ዘንድ ስሙ ደጋግሞ የሚነሣው እ.ኤ.አ. በ1929 ዓ.ም. በብሌር ቤልና በፍሌቸር ሾው አማካይነት የተቋቋመው የእንግሊዝ አገር የጽንስና የማኅፀን ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ የሚሰጠው ነው፡፡ ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን ጓደኞቻችን መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አንብበው ሲወድቁ ማየታችን ነው፡፡ የወደቁትም ትጋት አንሷቸው ሳይሆን፤ ያነበቡትና የተጠየቁት ሳይገናኝ ቀርቶ ነው፡፡

ፈተናው በሦስት ክፍል ይከፈላል፡፡ የመጀመሪያው መሠረታዊ ሳይንስ ነው፤ ሦስተኛው ሐኪሙ ከሕመምተኛ ጋር እንዴት እንደሚነጋገርና እንደሚሠራ የሚታይበት ነው፡፡ እኛ የምንናገረው ስለ ሁለተኛው፤ ማለት ስለ ሕክምናው የጽሑፍ ፈተና ነው፡፡ ቀድሞ ተፈታኙ አጫጭር መልስ በእጁ ይጽፍ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. በወጣው ሥርዐት ግን ይህ ቀርቶ፤ እያንዳንዳቸው 3 ሰዓት የሚፈጁ ሁለት ወረቀቶች ተመደቡ፡፡ በእያንዳንዱ ወረቀት 50ው ጥያቄ ከአምስት መልሶች የተሻለውን የሚያስመርጥ ነው፡፡ ሌላው 50 ደግሞ ከላይ ረዘም ያለ የመልስ ዝርዝር ተጽፎ፤ ለየሴቲቱ ታሪክ የሚስማማውን ከዚያ የሚያስፈልግ ነው፡፡ ኮሌጁ ለፊተኛው 70፤ ለኋለኛው 110 ደቂቃ ያህል እንዲሰጥ መከረ፤ ማርኩንም 40ና 60 ከመቶ አድርጎ ከፈለ፡፡ ለተሳሳተ መልስ የሚቀነስ ማርክ ስለሌለ፤ ባዶ ትቶ መውጣት ጉዳት እንጂ ጥንቃቄ አይደለም፡፡

ዋናው ችግር ያለው «የተሻለው» በሚለው ቃል ላይ ነው፡፡ ለማን የተሻለው? ፈታኞቹ የሚያስቡት በብሪታንያ ሆስፒታል ስለምትታከም ሴት ነው፡፡ ምሳሌ እንስጥ፡፡ አንዲት ነፍሰ ጡር 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥታ ስትመረመር፤ የባዶ ሆድ ስኳሯ 5.3፤ የሁለት ሰዓቱ 7.5 ሚሊሞል በሊትር ሆነ እንበል፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. ባወጣው ወሰን ከባዶ ሆድ 5.1 ጀምሮ የእርግዝና ስኳር ስለሚባል፤ ይህች ሴት በሽታው አለባት፡፡ በብሪታንያ መመሪያ ግን ወሰኑ 5.6 እና 7.8 ስለሆነ የለባትም፡፡ ቁጥሩን የማያውቅ አይደለም የሚሳሳተው፤ የሌላውን አገር ቁጥር አሳምሮ የሚያውቀው ነው፡፡

የቢ ቡድን ስትሬፕቶኮከስም እንዲሁ ነው፡፡ በአሜሪካ መጽሐፍ የተማረ ሰው በ36ኛውና በ37ኛው ሳምንት ነፍሰ ጡር ሁሉ ትመርመር ብሎ ይመልሳል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. የታተመው የብሪታንያ መመሪያ ግን ሁሉንም መመርመርን አልተቀበለም፡፡

ከሁሉ ይልቅ የሚከብደን የማግኒዥየም ሰልፌት ነገር ነው፡፡ ኤክላምፕሲያ ለያዛት እናት የለንደኑ መልስ 4 ግራም በደም ሥር ቀስ ብሎ ሰጥቶ፤ ከዚያ በሰዓት 1 ግራም ለ24 ሰዓት መቀጠል ነው፡፡ መድኃኒቱን በልክ የሚያንቆረቁር መሣሪያ በሌለበት ክፍል ግን ከመጀመሪያው 4 ግራም በኋላ በሁለቱ መቀመጫ 5፣ 5 ግራም ተወግቶ፤ በየ4 ሰዓቱ 5 ግራም ይጨመራል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1995 ዓ.ም. የወጣው ትልቅ ጥናት መድኃኒቱ ከዲያዜፓምና ከፌኒቶይን እንደሚበልጥ ሲያስረዳ፤ ሁለቱም አሰጣጥ በጥናቱ ውስጥ ነበሩ፡፡ ስለዚህ በወረቀት ላይ የማይመረጠውን መልስ ንቆ ከአእምሮው የሚያወጣ ተፈታኝ፤ ፈተናውን ቢያልፍም ተረኛ ሆኖ በሚያድርበት ሌሊት ሊያጣው ይችላል፡፡

በአጠናን በኩል፤ ከትልቁ መጽሐፍ አስቀድሞ ኮሌጁ የሚያወጣቸውን መመሪያዎች ማንበብ ይሻላል ብለን እናምናለን፡፡ ረዥሙን የመልስ ዝርዝር በወረቀት ሸፍነን፤ የሴቲቱን ታሪክ አንብበን፤ መልሳችንን አስቀድመን ተናግረን ከዚያ መግለጥን ልማድ አድርገናል፤ አለዚያ ዝርዝሩ ራሱ ያሳስታል፡፡ በሦስት ሆኖ ማጥናትም መልካም ነው፤ ከአምስት ሲበልጡ ግን ጨዋታ ይሆናል፡፡ (ይህን በራሳችን አይተነዋል፡፡) ደብተራችንን በሁለት ዐምድ ከፍለን፤ በግራ ፈታኙ የሚጠብቀውን፤ በቀኝ በክፍላችን የሚሠራውን ጽፈናል፤ የማግኒዥየሙ ገጽ ሁለቱም ዐምድ የሞላ ነው፡፡