ወንበሩ ሳይሞላ የሚያልቅ ገንዘብ

ብዙዎቹ ስመ ጥር የአሜሪካ ኮሌጆች እስከ ጃንዋሪ መጀመሪያ የገባላቸውን ማመልከቻ አወዳድረው መልሱን በማርች ማብቂያ ገደማ ባንድ ጊዜ ይለቃሉ። እንደ ፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ያሉት ግን «ሮሊንግ አድሚሽን» በሚባለው አሠራር ይቀበላሉ፦ ፋይሉ የተሟላለት ተማሪ በየተራው ይታያል፣ መልሱም ብዙ ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ይደርሰዋል። ተቀባይነት ማግኘቱ «ኧርሊ ዲሲዥን» እንደሚባለው አሠራር የግድ እዚያ እንዲማር አያስገድደውም፤ በአብዛኛው እስከ ሜይ 1 ማማረጥ ይችላል። አገር ቤት ትምህርት ሚኒስቴር በብሔራዊ ፈተና ውጤት ሁሉንም ባንዴ ሲመድብ ላየ ወላጅ፣ ይህ አሠራር ጊዜ የሚሰጥ ይመስለዋል። ለመግቢያው እውነት ነው፤ ለገንዘቡ ግን አይደለም።

ወንበሩና የስኮላርሺፑ በጀት እኩል አያልቁም። ዩኒቨርሲቲው ክፍሉ እስኪሞላ ድረስ ማመልከቻ ሊቀበል ይችላል፤ በውጤት የሚሰጠው ስኮላርሺፕ ግን በብዙ ቦታ የራሱ ቀነ ገደብ አለው፣ እሱም ገና በመጸው ወራት ላይ ሊያልፍ ይችላል። እንደ ነርሲንግ ያሉ ቦታቸው ጥቂት የሆኑ ትምህርቶችም ቀድመው ይሞላሉ። ስለዚህ በማርች ያመለከተ ጎበዝ ተማሪ የመቀበያ ደብዳቤው ደርሶት፣ ክፍያው ግን ሙሉ በሙሉ በቤተሰቡ ጫንቃ ላይ ሊያርፍ ይችላል። የመንግሥት ድጎማም ከዚህ አይርቅም፦ የኢሊኖይ ግዛት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ተማሪዎች የሚሰጠው «ማፕ» የተባለ እርዳታ በጀቱ ሲያልቅ ይቆማል። ይህን እርዳታ ለማግኘት የሚሞላውን፣ በተለምዶ ኦክቶበር 1 የሚከፈተውን «ፋፍሳ» የተባለ የፌዴራል የተማሪዎች እርዳታ ቅጽ ዘግይቶ የሞላ፣ መብቱ እያለ ሊያመልጠው ይችላል።

«ውጤቱ ደካማ የሆነ ልጅ ቢቸኩል ምን ይጠቅመዋል? የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የመጀመሪያ ሴሚስተር ውጤቱን ቢጠብቅ አይሻልም?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ውጤቱ በግልጽ እየተሻሻለ ላለ ተማሪ፣ ወይም የኤስኤቲ ፈተናን ሊደግም ለተመዘገበ፣ ጥቂት ሳምንት መታገስ ያዋጣል። ልኩ ግን የስኮላርሺፑ ቀን እንጂ የማመልከቻው መዝጊያ መሆን የለበትም። «ቀድሞ ማመልከት አማካሪ ላለው ልጅ ያደላል» የሚሉም አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ወላጆቹ በሌላ ሥርዓት የተማሩ፣ ትምህርት ቤቱም አንድ አማካሪ ለብዙ መቶ ተማሪዎች የሚመድብ ልጅ፣ ገንዘቡ ከወንበሩ ቀድሞ እንደሚያልቅ የሚሰማው ብዙ ጊዜ ካለቀ በኋላ ነው። በየማኅበረሰባችን ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የሚሰጠው ምክር ከጃንዋሪ ወደ ኦገስት መምጣት ያለበት ለዚህ ነው።