ከስንቁ ያካፈለ ወታደር

በጎ አድራጎት የባለጸጋ ሥራ ብቻ ነው የሚል ቢኖር፤ የቃኘውን ሻለቃ ጦር ያስታውስ። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው ወታደራችን ያገኘው ጠላትን ብቻ አልነበረም፤ ወላጆቹ በጦርነት ያለቁበትን ሕፃንም አገኘ። ተኩሱ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ቢቆምም የሕፃኑ ረሀብ አልቆመም። ስለዚህ ወታደሮቹ ዶንግዱቾን በተባለችው ከተማ የነበረውን የቦህዋን የሙት ልጆች ማሳደጊያ ከደመወዛቸው እያዋጡ ረዱ።

እኛ ወጣቶች «ሲተርፈኝ እሰጣለሁ» ማለት እናዘወትራለን። ነገር ግን የወር ደመወዝ ለማን ተርፎ ያውቃል? ወታደሩም የሰጠው ከትርፉ ሳይሆን ከድርሻው ቀንሶ ነው። እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ የበጎ አድራጎት ማኅበር ያቋቋምን ሁሉ፤ መዋጮውን ደመወዝ በተቀበልንበት ዕለት እናስቀምጥ እንጂ ኪስ ከሳሳ በኋላ አናስበው። የሕፃን ሆድ ቀጠሮ አያውቅምና።