የኪስ ብዕር፦ ቀለሙ ሳይፈስ እንዴት ይጽፋል?

ጠረጴዛው ላይ ቡና ካለ ከሶፍት ላይ ቀጭን ቁራጭ ይቅደዱና ጫፉን ብቻ ቡናው ላይ ያስነኩት። ቡናው ማንም ሳይገፋው በሶፍቱ ላይ ሽቅብ ይወጣል። ቀጥለው የለስላሳ መጠጫ ስትሮ ውሃ ውስጥ ይንከሩ፤ የላይኛውን አፉን በጣትዎ ይድፈኑና ብድግ ያድርጉት። ታችኛው አፉ ክፍት ሆኖ ሳለ ውሃው ጠብ አይልም። ጣትዎን ሲያነሡ ግን ወዲያው ይወርዳል። ቀለም እየተሞላ የሚጻፍበት ብዕር፣ ፋውንቴን ፔን የምንለው፣ የሚሠራው በእነዚህ ሁለት ነገሮች ነው። ፈሳሽ በጠባብ መንገድ ውስጥ ራሱን እየሳበ ይሄዳል፤ በቦታው አየር ካልተተካ ደግሞ ካለበት ዕቃ አይወጣም።

ይህን የምጽፈው ለኪስ የሚሆን ትንሽ ብዕር ምን ዓይነት ልግዛ ብለው ለሚጠይቁኝ ሰዎች ነው። ብዙዎቹ ስለ ስሙና ስለ ዋጋው ነው የሚጠይቁኝ። እኔ ግን መጀመሪያ ቀለሙ እንዴት እንደሚወርድ ቢያውቁ እመርጣለሁ፤ እሱን ያወቀ ሰው ሱቅ ቆሞ ለራሱ መምረጥ አያቅተውም።

የብዕሩን ጫፍ ገልብጠው ይመልከቱት። ከብረቱ ሥር ጥቁር ፕላስቲክ ተለጥፎ ያያሉ። በብዙዎቹ ላይ ጎኑ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ቀጫጭን ክንፎች አሉት፤ መሐል ለመሐል ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠነች ቦይ ወጥታለታለች። ቀለሙ በቦይዋ ወደ ታች ይወርዳል፤ በወረደው ልክ አየር በዚያው መንገድ ወደ ላይ ይገባል። ስትሮው ላይ የነበረው ጣትዎ ቶሎ ቶሎ፣ በጥቂት በጥቂቱ እየተነሣ የሚመለስ ያህል ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ ሌዊስ ዋተርማን እ.ኤ.አ. በ1884 የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በዚህ የቀለምና የአየር መተላለፊያ ሥራ ነው። ክንፎቹ የተሠሩት ለትርፍ ቀለም ነው። ከሚጻፈው በላይ ሲወርድ በመካከላቸው ያቁሩታል፣ ወረቀትዎ ላይ ከመንጠባጠብ ያድኑታል።

የብረት ጫፉ ራሱ ከመሐል እስከ አፍ የተሰነጠቀ ነው። ስንጥቁ ወደ አፉ በሄደ ቁጥር እየጠበበ ስለሚሄድ ቀለሙ ወደ ጠባቡ ይሳባል። ጫፉ ወረቀት ሲነካ ወረቀቱ የሶፍቱን ሥራ ይሠራል፤ ቀለሙን ይጠጣዋል። ስለዚህ በዚህ ብዕር ሲጽፉ መጫን አያስፈልግም። እስክሪብቶ ግን ውስጡ ያለው ቀለም ወፍራም ስለሆነ፣ ኳሷም የምትሽከረከረው ተጭነው ሲያስኬዷት ስለሆነ፣ ሁለት ገጽ እንደ ጻፉ ጣትዎ ላይ ሕመሙ ይሰማዎታል። ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍ ሰው ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የብራና ጸሐፊዎቻችንም የመቃውን ብዕር ሲቀርጹ ጫፉን የሚሰነጥቁት ቀለሙ በስንጥቁ ወደ ጫፉ እንዲሳብ ነው። የእነሱ ቀለም መሬት በተተከለ ቀንድ ውስጥ ይቀመጣል፣ ብዕራቸውም በየጥቂት ቃሉ ይነከራል። የፋውንቴን ፔን ጥበብ ቀንዱን ከብዕሩ ሆድ ውስጥ መክተቱ ነው።

አሁን ወደ ትንሹ ብዕር እንምጣ። ተራ እስክሪብቶ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። በዚያ ቁመት ሱሪ ኪስ ውስጥ ከገባ ሲቀመጡ ይወጋል፣ ወይም ይሰበራል። ዝም ብለው ቢያሳጥሩት ደግሞ ሲጽፉ መዳፍዎ ውስጥ ይጠፋና ጣትዎ ላይ ብቻ ይንጠለጠላል። ጀርመኖቹና ጃፓኖቹ መፍትሔውን ያገኙት ክዳኑ ላይ ነው። በጀርመን ሃይደልበርግ የነበረው ካቬኮ የመጀመሪያውን ስፖርት የተባለ የኪስ ብዕር የሠራው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። ዛሬ በዚያው ስም የሚሸጠው ተከድኖ 10 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው፤ ክዳኑን አውጥተው ከኋላ ሲሰኩት ከ13 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሆናል። ክብደቱ 10 ግራም ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የሙኒክ ኦሊምፒክ ምልክት ተደርጎበት ተሽጧል፤ ማሞ ወልዴ በማራቶን የነሐስ ሜዳሊያ ያገኘበት ኦሊምፒክ ነው። ጃፓኖቹም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ክዳኑ የብዕሩን አብዛኛውን አካል የሚውጥ የሸሚዝ ኪስ ብዕር በብዛት ሠርተዋል። የፓይለት ኤሊት ከእነዚህ አንዱ ነው።

ስለዚህ ትንሽ ብዕር ሲመርጡ መጀመሪያ ክዳኑን ይያዙ። ከኋላ ይሰኩትና ብዕሩን ያወዛውዙት፤ ከላላ፣ ካንቀጫቀጨ ይመልሱት። ተሰክቶ ወደ ኋላ የሚጎትትዎም ከሆነ እንዲሁ። ቀጥሎ አከዳደኑን ይዩ። በጥርስ እየዞረ የሚከደንና ገፋ ሲያደርጉት ቀጭ ብሎ የሚገባ አለ። ለኪስ እኔ የሚዞረውን ነው የምመርጠው። ተጎትቶ የሚወጣው ክዳን ቶሎ ካወጡት እንደ መርፌ ፒስተን ቀለሙን ወደ ውጭ ይስበዋል፤ የሚዞረው ግን ቀስ እያለ አየር ያስገባል፣ ኪስ ውስጥም በራሱ አይፈታም። በመጨረሻ ባዶውን ክዳን ከንፈርዎ ላይ አድርገው አየሩን በቀስታ ሳብ ያድርጉ። ከንፈርዎ ላይ ከተጣበቀ ጥሩ ነው፣ አየር አያሳልፍም። ካልተጣበቀ ግን በበጋ የደጋ ደረቅ አየር ሁለት ቀን ውስጥ ጫፉን ያደርቀዋል፤ ስብሰባ ላይ አውጥተው ሲጽፉ የመጀመሪያው ቃል አይወጣልዎትም።

ከፍታ ላይ ለምንኖር ሰዎች ሌላም ነገር አለ። አንድ ጊዜ ከድሬዳዋ በመኪና ስመጣ ብዕሬ ቦርሳዬ ውስጥ ተጋድሞ ነበር። ቤት ገብቼ ክዳኑን ስከፍት ሦስት ጣቴና የደብተሬ ሽፋን ሰማያዊ ሆኑ። ብዕሩ የተሰበረ መስሎኝ ነበር፤ አልተሰበረም። አዲስ አበባ ጠጥተው የከደኑት ባዶ የውሃ ፕላስቲክ አዋሽ ሲደርሱ ተጨማዶ አይተው ያውቃሉ? ሲወጡ ደግሞ የብስኩቱ ከረጢት ይነፋል። ከድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ተነሥተው አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ሲደርሱ የታፈነ አየር ከ100 እጅ 15 ያህል ይሰፋል። አጭሩ ካርትሪጅ፣ ብዕሩ ሆድ ውስጥ የሚገባው የቀለም ቀፎ፣ 0.8 ሚሊ ሊትር ያህል ቀለም ይይዛል። ግማሹ ካለቀ ግማሹ አየር ነው፤ ያ አየር ሲሰፋ ከአንድ ጠብታ ትንሽ የሚበልጥ ቀለም ይገፋል። ብዕሩ ባይናወጥ ኖሮ ክንፎቹ ምናልባት ይችሉት ነበር። ተጋድሞ፣ ቦርሳ ውስጥ እየተንገጫገጨ ግን ወደ ክዳኑ ይፈሳል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ዳገት ለመውጣት ሲነሡ ካርትሪጁን ይሙሉት፤ ሙሉ ከሆነ የሚሰፋ አየር የለውም። ወይም ጫፉን ወደ ላይ አድርገው ደረት ኪስዎ ላይ ይሰኩት። ያን ጊዜ አየሩ ወደ ጫፉ ይወጣና ቀለሙን ሳይገፋ ብቻውን ያመልጣል። በአውሮፕላንም እንዲሁ ነው፤ ለእኛ ግን አስደሳች ልዩነት አለው። በመንገደኛ አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር በመደበኛ በረራ ከ2,400 ሜትር ከፍታ አየር የበለጠ እንዳይሳሳ ተደርጎ ነው የሚያዘው፤ ያ ደግሞ የአዲስ አበባ ከፍታ ነው። ከቦሌ ሲነሡ ብዕርዎ ምንም አይለወጥበትም ማለት ይቻላል። ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ፣ ከባሕሩ ዳር ሲነሡ ነው የሚያፈሰው። እዚያ ያሉ ወዳጆቼ ወደ አገር ቤት ሲመጡ ሞልተውት እንዲመጡ እነግራቸዋለሁ።

አሞላሉ ላይ ብዙ አልቆይም። ትንሽ ብዕር ሆዱ አጭር ስለሆነ ቀለም ከጠርሙስ የሚስበው መሣሪያ፣ ኮንቨርተር የሚባለው፣ ወይ አይገባበትም ወይ ከካርትሪጁ ያነሰ ይይዛል። ካቬኮ ብዙ ፋብሪካዎች የሚሠሩትን መደበኛ አጭር ካርትሪጅ ይቀበላል። የጃፓኖቹ ፓይለት፣ ሴይለርና ፕላቲኒየም ግን የየራሳቸውን ብቻ ነው የሚቀበሉት። እኛ ዘንድ ካርትሪጅ እንደ ልብ ስለማይገኝ እኔ ያለቀውን አልጥልም፤ ታጥቦ ከፋርማሲ በተገዛ ሲሪንጅ ከጠርሙስ ይሞላል፣ ለወራት ያገለግላል። ቀለሙ ግን ለፋውንቴን ፔን የተሠራ መሆን አለበት። ለሥዕል የሚሸጠው ጥቁር ቀለምና ከጥላሸት የሚዘጋጀው የብራና ቀለም ውስጣቸው ደቃቅ ዱቄት አለ፤ ያችን የፀጉር ቦይ ዘግተው ብዕሩን ይገድሉታል። የሚታጠብ ሰማያዊ ደግሞ ውሃ ሲነካው ይጠፋልና ውል አይፈርሙበት።

ከሁሉ በላይ የምጨነቅለት የጫፉ ውፍረት ነው። ጫፎቹ ላይ የሚጻፉት ፊደሎች ኢኤፍ፣ ኤፍ፣ ኤም፣ ቢ ናቸው፤ ከቀጭን ወደ ወፍራም። የጃፓን ጫፍ በተመሳሳይ ፊደል ከአውሮፓው ይቀጥናል፤ የጃፓን ኤፍ ከጀርመን ኢኤፍ ጋር ይቀራረባል። ሻጮች ለጀማሪ ብዙ ጊዜ ኤም ይሰጣሉ፤ ለላቲን ፊደል ምክሩ ልክ ሊሆን ይችላል። የእኛ ፊደል ግን ሌላ ነው። «ቢ»ን ከ«ቤ» የሚለየው እግሩ ላይ ያለች ቀለበት ናት። «ተ»ን ከ«ቸ»፣ «ነ»ን ከ«ኘ» የሚለየው አናቱ ላይ ያለ ትንሽ መስመር ነው። ወፍራም ጫፍ፣ በዚያ ላይ ቀለም የሚጠጣ ተራ የትምህርት ቤት ደብተር ሲጨመርበት፣ ቀለሙ በወረቀቱ ክሮች ላይ ሥር ይሰድዳል፤ ቀለበቷ ትሞላለች፣ አናቱ ላይ ያለው መስመር ከፊደሉ ጋር ይዋሐዳል። «ቤቴ» ብለው የጻፉት ከሳምንት በኋላ «ቢቲ» ሆኖ ይጠብቅዎታል። በደብተር ለሚጽፍ አማርኛ ጸሐፊ ከአውሮፓ ብዕር ኢኤፍ፣ ከጃፓኖቹ ኤፍ ነው የምመክረው፤ ኤም ጥሩ ወረቀት ላለው ይቅር።

ሌላም ልማድ አለን፤ ፊደሎቻችን አይቀጣጠሉም። በእያንዳንዱ ፊደል ብዕሩ ይነሣል፣ እንደገናም ያርፋል። ስለዚህ አንዴ ከጀመረ በኋላ የሚያምር ብዕር አይበቃንም፤ ባረፈ ቁጥር ሳያቅማማ የሚጀምር ነው የሚያስፈልገን። አንዳንዱ ጫፍ ሲወለወል ስንጥቁ አፍ ላይ ከመጠን በላይ ይዶለዱምና ቀለሙ ወረቀቱን ሳይነካ ይቀራል፤ የመጀመሪያው መስመር ባዶ ይሆናል። ጫፉ ወርቅ ይሁን ብረት ለዚህ ለውጥ የለውም፤ ወረቀቱን የምትነካው ጫፉ ላይ የተበየደች ጠንካራ ማዕድን ናት፣ ወሳኙም የእሷ አወላወል ነው።

ሱቅ ሲሄዱ እንግዲህ ሁልጊዜ የሚጽፉበትን ደብተር ይዘው ይሂዱ፤ ሻጩ በሚያቀርብልዎ አንጸባራቂ ወረቀት ላይ ሁሉም ብዕር ጥሩ ይጽፋል። ጫፉን ቀለም ውስጥ ይንከሩትና ምንም ሳይጫኑ «ቤቴ» ብለው ይጻፉ፤ ቀለበቶቹ ውስጥ ነጭ ወረቀት መታየት አለበት። ቀጥለው «ነኝ» ይጻፉ። ከዚያ ብዕሩን ሳይከድኑት ከሻጩ ጋር አንድ ደቂቃ ያህል ይጫወቱና አራት ነጥብ ያኑሩ። አራት ጊዜ ነው የሚያርፈው። የመጀመሪያዋ ነጥብ ካልወጣች ብዕሩ ቶሎ ይደርቃል፤ አራቱ ተያይዘው አንድ ጠብታ ከሆኑ ቀለም ያበዛል። አራቱም ለየብቻቸው ከታዩ ከፍለው ኪስዎ ይክተቱት።