በእጅ ስለሚሠራ የአናጢ ጠረጴዛ

ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ በከፍታ ግን ሁለቱ ከተሞች ከ500 ሜትር በላይ ይለያያሉ። ወራጁ መንገደኛ ይህን የሚያውቀው ካፖርቱን ሲያወልቅ ነው። እንጨትም ያውቀዋል፤ በደሴ ጉምና ብርድ የተገጠመ ዕቃ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ሲወርድ ይኰማተራል፤ መጋጠሚያውም ይላላል።

ይህን ማንሣታችን በየጓሮው የአናጢነት ሥራ ስለሚሠሩ ሰዎች ለመናገር ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሁለቱም ከተሞች በዘለቀ ጊዜ ንብረቱን ያጣው ሰው ብዙ ነው። በመጋዝ፣ በመላጊያና በመሮ ብቻ እንደ ገና ለሚጀምር አናጢ የመጀመሪያ ሥራው የሚሸጥ ወንበር ሳይሆን የራሱ የሥራ ጠረጴዛ ቢሆን ይሻለዋል እንላለን። እንጨቱን መሬት ላይ በእግሩ ረግጦ የሚልግ ሰው ግማሽ ጉልበቱን የሚጨርሰው እንጨቱ እንዳይሸሽ በመያዝ ነው፤ ቀላል ጠረጴዛ ያለውም ከጠረጴዛው ጋር ሲገፋፋ ይውላል።

ታዲያ በምን እንጨት ይሠራ? ዋንዛ ለመጋዝም ለመላጊያም የሚመች ለመሆኑ ክርክር የለውም። ነገር ግን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጽድንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቍረጥን እስከ መከልከል ያደረሰ መመናመን ደርሶባቸዋል። ከዚህም ሌላ ዋንዛ ቀላል ነው፤ ለዚህ ሥራ ደግሞ ቅለት ነውር ነው። ባሕር ዛፍ ግን በደሴ ዙሪያ ሞልቷል። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 8 ሳንቲ ሜትር የሆነ የባሕር ዛፍ ገበታ ያለ እግሩ 70 ኪሎ ያህል ይመዝናል።

የባሕር ዛፍ ክፋቱ ሲደርቅ መሰንጠቁና መጣመሙ ነው። ስለዚህ ግንዱን 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ጣውላ ማሰንጠቅ፣ እርጥበት ፈጥኖ የሚወጣው በጫፍ በኩል ነውና ጫፎቹን ቀለም ወይም ሰም መቀባት፣ በየመካከሉም ቀጫጭን እንጨት እያጋደሙ በጥላ መደርደር ያስፈልጋል። ሁለት በጋ ቢቆይ መልካም ነው። ሻጩ «ደርቋል» ቢልም (የማይል ሻጭ አላጋጠመንም) አንድ ቍራጭ በየሳምንቱ መመዘን ነው፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ለዚያ ሥፍራ ደርቋል ማለት ነው። ኮምቦልቻ ለሚቆም ጠረጴዛ እንጨቱን ኮምቦልቻ ወስዶ ማድረቅ የሚገባውም ስለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ 15 ጣውላ በጐን አቁሞ በኮላ ማጣበቅ ነው። እግሮቹን በምስማር መምታት አያዋጣም። ፈረንሳዊው አናጢ አንድሬ ዣኮብ ሩቦ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1769 መታተም በጀመረው መጽሐፉ እንዳሳየው፣ የእግሩ ጫፍ ቀጠን ብሎ ገበታውን ዘልቆ ይወጣል። እኛ የምንጨምረው፣ ያን ጫፍ በመጋዝ ሰንጥቆ የደረቀ የወይራ ሽብልቅ መምታትን ነው፤ ቀዳዳው ከላይ በኩል ጥቂት ሰፋ ካለ እግሩ ተመልሶ አይወልቅም።

የጠረጴዛው ቁመት ክንድን ወደ ታች ዘርግተው መዳፍ ጠፍጠፍ ብሎ የሚያርፍበት ይሁን፤ ከዚያ ከፍ ካለ የሚደክመው ትከሻ ነው። ሞርሳ መግዣ ላጣ ሰው፣ ብረት ቀጥቃጭ ከወፍራም ፌሮ ጎብጦ የሚሠራለት መያዣ ይበቃዋል። በገበታው ላይ ከፌሮው ጥቂት ሰፋ ያለ ቀዳዳ በስቶ መያዣውን ከላይ በመዶሻ ሲመቱት እንጨቱን ጨምድዶ ይይዛል፤ ለማስለቀቅ ከኋላው አንድ ጊዜ መታ ማድረግ ነው።