ቦክሰርና ባለቤቱ

በጅማ፣ በሐዋሳ ወይም በአንዲት የወረዳ ከተማ አስፋልት ዳር ለጥቂት ደቂቃ የቆመ ሰው ቦክሰር የተባለውን ሞተር ሳይክል ሳያይ አይመለስም። ረጅም ወንበር፣ ከኋላው የብረት ዕቃ መጫኛ፣ ቀጫጭን ጎማዎች፤ ለጌጥ የተሠራ ነገር ብዙም የለውም። አምራቹ መቀመጫውን በሕንድ ፑኔ ከተማ ያደረገው ባጃጅ ኦቶ ሲሆን፣ ባለሦስት እግሩን ባጃጅ የሚያመርተውም ይኸው ኩባንያ ነው። በኡጋንዳ፣ በኬንያና በናይጄሪያም ሰውና ዕቃ የሚያመላልሱ ወጣቶች እንጀራ የሚበሉት በዚሁ ሞተር ነው።

በእኛም አገር መምህሩ፣ የግብርና ባለሙያው፣ የሱቅ ዕቃ አመላላሹ ይገዛዋል። ከተገዛ በኋላ የሚነሱት ጥያቄዎች ግን ተመሳሳይ ናቸው። ጠዋት ለምን እንቢ ይላል? ነዳጅ ለምን ይበላል? ካቴናው ለምን ይንኳኳል? አብዛኞቹን ለመመለስ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ቦክሰርን መንገድ ላይ የሚያስቀረው ትልቅ ብልሽት ብዙውን ጊዜ ሳምንታት ቀድሞ ትንሽ ምልክት ይሰጣል። ምልክቱን ማንበብ የሚችል ባለቤት ገንዘቡንም አካሉንም ያተርፋል።

ዘይቱ ሦስት ሥራ አለው

ቦክሰር በዋናነት ባለ 100 እና ባለ 150 ተብሎ ይታወቃል። የ150ው ትክክለኛ የሲሊንደር ይዘት 145 ሲሲ ገደማ ነው። ሁለቱም ባለ አንድ ሲሊንደር ፎር ስትሮክ ናቸው። ራዲያተር የላቸውም፤ ሲሊንደሩን የከበቡት ቀጫጭን የብረት ክንፎች ሙቀቱን ለነፋስ ያስረክባሉ። በክረምት ጭቃ በክንፎቹ መካከል ሲደርቅ የሞተሩ መተንፈሻ ተደፈነ ማለት ነው። ጭቃውን ማራገፍ ለውበት ብቻ የሚደረግ አይደለም።

ከመኪና የሚለየው ትልቁ ነገር ግን ዘይቱ ነው። በመኪና ሞተሩና ማርሹ በአብዛኛው የየራሳቸው ዘይት አላቸው። በቦክሰር አንድ ሊትር ገደማ የሚሆን አንድ ዘይት ፒስተኑንም፣ ማርሹንም፣ ፍሪሲዮኑንም ያገለግላል። ስለዚህ ለመኪና ተብሎ የተሠራ፣ መንሸራተትን የሚጨምር ቅመም ያለበት ዘይት ሲገባበት የፍሪሲዮኑ ሸራዎች መያዝ ያቅታቸዋል። ነዳጅ ሲሰጥ ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም። ባለቤቱ ፍሪሲዮን አለቀ ብሎ ያስቀይራል፤ ጥፋቱ ከቆርቆሮው ነበር። ዘይት ሲገዛ ለሞተር ሳይክል መሆኑን፣ «ጃሶ ኤምኤ» የሚል ምልክት እንዳለበትና ውፍረቱ ማኑዋሉ ከሚለው ጋር መስማማቱን ማየት ይገባል። ለቦክሰር የተለመደው ባለ 20 ደብሊው 50 ነው።

ሁለተኛው የዘይት ጥያቄ መቼ ይቀየር የሚለው ነው። አዲስ ሞተር የመጀመሪያ ሰርቪሱን ከ500 እስከ 750 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ማግኘት አለበት። እርስ በርስ የሚላመዱት ብረቶች የሚያራግፉት ብናኝ በዚያ ዘይት ውስጥ ተጠራቅሟልና ሊዘለል አይገባም። ከዚያ በኋላ በማኑዋሉ የተጻፈው ርቀት ለመልካም መንገድ የታሰበ ነው። በአቧራ፣ በዳገትና በሙሉ ጭነት የሚሠራ ሞተር ቀደም ብሎ ይቀየርለት። በየመሃሉም በሳምንት አንድ ጊዜ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ አቁሞ መጠኑን ማየት የግድ ነው፤ አንድ ሊትር ብቻ ከያዘ ሞተር ላይ ሩብ ሊትር ሲጎድል ብዙ ነው።

ጠዋት እንቢ ሲል

በብርድ ጠዋት አልነሳም ያለ ሞተር የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ነዳጅ፣ አየርና እሳት። ፍተሻውም በዚሁ ቅደም ተከተል ይሁን። የነዳጁ መክፈቻ ክፍት ነው? ቾኩ ተስቧል? ሞተሩን የሚያጠፋው ቁልፍ ሳይታወቅ ተነክቶ እንዳይሆን? እነዚህ ደህና ከሆኑ ወደ ካንዴላው መሄድ ነው።

ካንዴላ ማውጣት ከሞተሩ ጋር የሚሰጠው ቁልፍ ካለ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ በዙሪያው ያለው አቧራ ወደ ሲሊንደሩ እንዳይገባ ይጠረግ፣ ከዚያ ይፈታ። ጫፉ ላይ ያለው ቀለም የሞተሩን ሁኔታ ይናገራል። ማኪያቶ የመሰለ ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ነዳጅና አየሩ ተመጣጥነዋል። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ነዳጁ በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል። ጥቁር ሆኖ በዘይት የረጠበ ከሆነ ዘይት ወደ ማቃጠያው እየሾለከ ነው፤ ከማርሚታው የሚወጣው ጢስም ሰማያዊ ይሆናል፣ ይህ የመካኒክ ጉዳይ ነው። ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ከመሰለ አየሩ በዝቶ ሞተሩ ከልክ በላይ እየጋለ ነው። ካንዴላው ሲመለስ መጀመሪያ በእጅ ብቻ ይጠመዘዝ። በቁልፍ አስገድዶ ያጣመመው ሰው የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይበላዋል፤ የጥቂት ብር ካንዴላም የሲሊንደር ራስ ያስቀይራል።

ደጋና ቆላ

ጥቁር ካንዴላ በአገራችን የተለመደበት ምክንያት አለ። ካርቡራተር ነዳጅን በጥቃቅን ቀዳዳ የሚመጥን ዕቃ ነው፤ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ደብረ ብርሃን ደግሞ ወደ 2,800 ሜትር ይጠጋል። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚያ ሲሠራ ከአየሩ ጋር የማይመጣጠን ነዳጅ ይሰጣል። ጉልበት ይቀንሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ነዳጁም ያለ ሥራ በማርሚታው ይወጣል።

መፍትሔው የካርቡራተሩን ብሎን ባገኙት ቁጥር ማዞር አይደለም። ያ ብሎን በዋናነት የሚነካው ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ያለውን ድብልቅ ነው። ሁልጊዜ ደጋ ላይ የሚሠራ ሞተር ልምድ ባለው ሰው እጅ የነዳጅ ቀዳዳው አነስ ባለ ሊቀየርለት ይችላል። ነገር ግን ያው ሞተር በኋላ ወደ አዋሽ ቆላ ወርዶ እንዲሠራ ከተደረገ ነዳጅ ያንሰውና ከልክ በላይ ይግላል። ባለቤቱ ሞተሩ የትኛውን አገር እንዲያገለግል እንደተስተካከለ ማወቅ አለበት።

ነዳጅ ይበላል የሚለው ክስ ቅድሚያ በልክ ይረጋገጥ። ታንኩን ሞልቶ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን መጻፍ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ እንደገና ሞልቶ የተሄደውን ርቀት ለተጨመረው ሊትር ማካፈል ነው። ባለ 100ው በጥሩ ይዞታ በሊትር 50 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሄዳል። በጣም ከወረደ መጀመሪያ የሚታየው የአየር ፊልትሮ ነው። ፊልትሮው ስፖንጅ ከሆነ ይታጠባል፤ ወረቀት ከሆነ አቧራው ይራገፋል፣ ካረጀም ይቀየራል። ፊልትሮውን አውጥቶ መንዳት ግን ሞተሩን በገዛ እጅ አሸዋ ማብላት ነው። ቀጥሎ የሚታየው የጎማ ነፋስና የፍሬን መያዝ ነው። በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚንም ላምባ ወይም ውሃ ሊኖርበት ይችላል። ሞተሩን ሁልጊዜ በሪዘርቭ የሚነዳ ሰው ደግሞ ከታንኩ ሥር የተቀመጠውን ዝቃጭ ወደ ካርቡራተሩ ይጋብዛል፤ ነዳጅ ሲያልቅ የሚያስጠነቅቀውም የለም።

ካቴና፣ ጎማ፣ ፍሬን

ካቴና ሲላላ ይንኳኳል፣ ሲጠብቅ ያለቅሳል። ሁለቱም መጥፎ ናቸው፣ የጠበቀው ግን ይብሳል፤ የኋላ ጎማው በጉድጓድ ሲነሳና ሲወድቅ ካቴናው የሚሰጠው ቦታ ስለሚያጣ የማርሹን ዘንግ ይጎትታል። የካቴናውን መካከለኛ ቦታ በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ሲገፉት በአብዛኛው ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር መንቀሳቀስ አለበት። ጎማውን እያዞሩ በተለያየ ቦታ መለካት ይገባል፤ ያረጀ ካቴና አንዱ ጋ ላልቶ ሌላው ጋ ይወጠራልና። ሲያልቅም ጥርሶቹ አብረው ይቀየሩ፤ አዲስ ካቴና በተበላ ጥርስ ላይ ብዙ አይቆይም።

የጎማው ነፋስ ለፊተኛው 25፣ ለኋለኛው ብቻን ሲነዳ 28፣ ሰው ሲጫን 32 ፒኤስአይ ነው። ነፋስ ያነሰው ጎማ ካላማዳሪውን ያፋትጋል፤ ያለ ሚስማር የሚፈነዳው ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው።

በአብዛኞቹ ቦክሰሮች የፊትም የኋላም ፍሬን በከበሮ ውስጥ የሚሠራ ባለ ሸራ ነው። ቀላልና ርካሽ ነው፣ ሁለት ድክመት ግን አለው። ውሃ ከገባበት ለጊዜው አይዝም፤ ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ ቀስ እያሉ ፍሬኑን ለዘብ አድርጎ በመያዝ ማድረቅ ያስፈልጋል። በረጅም ቁልቁለትም ይግላል፣ ሲግል መያዝ ይቀንሳል። ነዳጅ ለመቆጠብ ቁልቁለት በፎሌ የሚወርድ ሰው የሞተሩን ረዳት ፍሬን ጥሎ ሁሉንም ሸክም በሸራው ላይ ያደርጋል። በዓባይ በረሃ ወይም በጣርማ በር ዓይነት መንገድ ዝቅ ባለ ማርሽ መውረድ ሕይወት ያተርፋል።

የሚያስጨንቅ ግን ብልሽት ያልሆነ አንድ ነገርም አለ። በብዙ ሞዴሎች ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ የፊት መብራቱ ይደክማል፣ ነዳጅ ሲሰጥ ይደምቃል። መብራቱ ኃይል የሚያገኘው በቀጥታ ሞተሩ ከሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ስለሆነ ነው። ለዚህ ባትሪ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። ጥሩንባና ፍሬቻ ሲደክሙ ግን ባትሪው ይመርመር።

ሊብሬው በማን ስም ነው?

ያገለገለ ሞተር የሚገዛ ሰው ድምፁን ሰምቶ፣ ጢሱን አይቶ ይረካና ወረቀቱን ይረሳል። የሻንሲ ቁጥሩ መሪው በሚያርፍበት አንገት ላይ፣ የሞተር ቁጥሩ በሞተሩ አካል ላይ ተመትቷል። ሁለቱም ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከሩ። የተፋቀ ወይም እንደገና የተመታ የሚመስል ቁጥር ካለ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ መተው ነው። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ሞተሩ ከተመዘገበበት የትራንስፖርት ቢሮ ይጣራ።

በውክልና ብቻ ገዝቶ ስም ሳያዛውሩ መንዳት በአገራችን ተለምዷል። በውልና ማስረጃ የተሰጠ ውክልና ግን ባለቤትነት አይደለም፤ ወካዩ ሊሽረው ይችላል፣ ሲሞትም በመሠረቱ ያበቃል። ያኔ ገዢው ከማያውቃቸው ወራሾች ጋር ሊከራከር ነው። ሻጩም ቢሆን አይድንም፤ በስሙ ያለ ሞተር ሰው ከገጨ መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ 799/2005 ግዴታ ነው፤ ቦሎውም በየዓመቱ ይታደሳል። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ የሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴን እንደገደበች ስለሚታወስ፣ ገዢ ሞተሩን በሚነዳበት ከተማ ምን እንደተፈቀደ አስቀድሞ ይጠይቅ።

በሳምንት አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት ለዘይት፣ ለካቴና፣ ለጎማ ነፋስ፣ ለፍሬንና ለመብራት ይሰጥ። ከጋራዥ ወጪ በላይ የሚያሳስበው ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ነው። እሱ ፍሬኑን አልመረመረም፣ ጎማውን አላየም፤ ነጂውን አምኖ ነው የወጣው። ለእሱም ሁለተኛ ሄልሜት ይገዛለት።