ለበሽተኛው ምን እናድርግለት? የሲስተር ቨርጂኒያ ሄንደርሰን የዕድሜ ልክ ጥያቄ

በቤታችን ሰው ሲታመም ሁላችንም እንሯሯጣለን። ሚስት አጥሚት ታሞቃለች፣ ባል ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት ይዞራል፣ የኅብረት ወገኖች ፐርሙዛቸውን አንጠልጥለው ይመጣሉ። በሆስፒታልም ቢሆን ከአልጋው ሥር አንጥፎ የሚያድር አስታማሚ አይጠፋም። ለመሆኑ ለታመመ ሰው መደረግ ያለበት ምንድን ነው? የቱ ላይ እናግዘው? የቱ ላይስ እጃችንን እንሰብስብ? ይህን ጥያቄ የዕድሜ ልክ ሥራቸው ያደረጉ አንዲት ነርስ ነበሩ።

ቨርጂኒያ ሄንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1897 በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ ካንሳስ ሲቲ ከተማ ተወለዱ። ያደጉት ግን በስማቸው በቨርጂኒያ ግዛት ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲቃረብ፣ በ1918፣ ዋሽንግተን ወደሚገኘው የጦር ሠራዊቱ የነርሶች ትምህርት ቤት ገብተው በ1921 ተመረቁ። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ አኒ ጉድሪች የነርስነትን ሙያ በጣም ከፍ አድርገው የሚያዩ ሴት ነበሩ። በሕሙማኑ ክፍል የጠበቃቸው ሥልጠና ግን አልጋ ማንጠፍ፣ ማጠብ፣ መርፌ መውጋት፣ ያንንም በፍጥነት መጨረስ ላይ ያተኮረ ነበር። ይህ ነገር ከልባቸው አልወጣም።

ከምረቃ በኋላ በኒው ዮርክ ቤት ለቤት እየዞሩ ሕሙማንን ረዱ። በ1924 በቨርጂኒያ የኖርፎክ ፕሮቴስታንት ሆስፒታል የነርሶች መምህር ሆኑ። ሲያስተምሩ ግን የራሳቸው እውቀት እንደሚያንሳቸው ተሰማቸውና በ1929 ወደ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ተመልሰው ደብተር ያዙ። ማስተርሳቸውን በ1934 ካገኙ በኋላ እስከ 1948 እዚያው አስተማሩ። በእነዚህ ዓመታት አካላቸው የተጎዳ ሰዎች እንደገና ራሳቸውን ችለው እንዲኖሩ የሚሠለጥኑበትን ማዕከል ኒው ዮርክ ውስጥ ተመለከቱ። እዚያ ያዩት ነገር፣ የሆስፒታል ሠራተኛ ለበሽተኛው በቸርነት የሚሠራለት ብዙ ሥራ በሽተኛው ራሱ ሊሠራው የሚችለው መሆኑን አስተማራቸው።

ሐሳባቸው በ1955 ባሳተሙት የመማሪያ መጽሐፍ ላይ በጥቂት መስመር ወጣ። ወደ እኛ አነጋገር ስንመልሰው እንዲህ ነው፤ ሰው አቅሙ፣ ፈቃዱና እውቀቱ ቢኖረው ኖሮ ራሱ ያደርገው የነበረውን ነገር እንዲያደርግ ነርስ ታግዘዋለች፤ የምታግዘውም በተቻለ ፍጥነት ራሱን እንዲችል ነው። መዳን የማይቻል ከሆነ ደግሞ በሰላም እንዲሞት ታግዘዋለች። ዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት በ1960 ያሳተመላቸው ትንሽ መጽሐፍ ይህን ሐሳብ ከሃያ በላይ ወደሆኑ ቋንቋዎች አደረሰው።

እገዛው በአሥራ አራት ነገሮች ተዘርዝሯል። መተንፈስ፣ መብላትና መጠጣት፣ መጸዳዳት፣ መንቀሳቀስ፣ መተኛት፣ መልበስ እያለ ይቀጥላል። አሥረኛው ስሜትንና ፍርሃትን ለሌላ መናገር፣ አሥራ አንደኛው እንደ እምነት ማምለክ ነው። አስተውሉ፤ ይህ የስብከት መጽሐፍ አይደለም፣ የነርሶች መማሪያ ነው። ነገር ግን አምልኮ ከምግብና ከእንቅልፍ ጋር በአንድ ረድፍ ተቀምጧል። እምነቱም የበሽተኛው እንጂ የነርሷ አይደለም። እኛ ግን አንዳንድ ጊዜ አሥራ አንደኛውን ስንይዝ እንቅልፉን እንረሳለን። አሥራ አምስት ሆነን አልጋውን ከብበን ድምፃችንን ከፍ አድርገን ስንጸልይ፣ ሕመምተኛው ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን ሳይከድን ያደረ መሆኑን ማን ጠየቀ?

እኔም የምናዘዘው አለኝ። አባቴን ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ እጃቸው ሲዝል እኔና እህቴ ለወራት በማንኪያ አጎረስናቸው። ግራ እጃቸው ደህና ነበር። እያጎረስን እንመርቃቸው፣ እነርሱም ዝም ይሉ ነበር። አንድ ቀን ማንኪያውን በግራ እጃቸው ከእህቴ እጅ ቀሙና ሾርባውን ግማሹን ደረታቸው ላይ አፍስሰው ግማሹን ጠጡ። እናታችን «ተዉት፣ ይጠጣበት» አለችን። ከዚያ ወዲህ ሸሚዛቸውን ራሳቸው ይቆልፉ ጀመር፤ ሩብ ሰዓት ይፈጅባቸዋል፣ እናታችንም አጠገባቸው ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ባልና ሚስት ሆኖ መተጣጠብ፣ ወደ መጸዳጃ መደጋገፍ ቀላል ነገር አይደለም። እርሷ መቼ እንደምትይዛቸውና መቼ እንደምትለቃቸው ከእኛ ይልቅ ታውቅ ነበር።

ወደ ሲስተር ቨርጂኒያ ልመለስ። በ1953 ወደ ዬል ዩኒቨርሲቲ ሄደው በነርስነት ሙያ ላይ የተሠሩ ምርምሮችን መመርመር ያዙ። ያገኙት ነገር ያሳፍር ነበር። አብዛኛው ጥናት ስለ ነርሶቹ ነው፤ ስለ ትምህርታቸው፣ ስለ አስተዳደራቸው፣ ስለ ባሕርያቸው። የሚታጠበው፣ የሚገላበጠው፣ ሥቃይ ያለበት በሽተኛ ምን እንደሚጠቅመው ያጠናው ጥቂት ነበር። ይህንን በ1956 በሙያው መጽሔት ላይ በግልጽ ጻፉት። ውጤቱም ከሊዮ ሲመንስ ጋር በ1964 በመጽሐፍ ወጣ።

በዚያም አላቆሙም። ከ1900 እስከ 1959 ድረስ የታተሙትን የነርስነት ጥናቶች አሰባስቦ የሚያመለክት ባለ አራት ቅጽ ማውጫ ለማዘጋጀት የሚሠራ ቡድን መሩ፤ ሥራው ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ። ኮምፒዩተር በሌለበት ዘመን እያንዳንዱን ጽሑፍ አንብቦ መመዝገብ ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ መገመት ይቻላል። ስም የማያስገኝ ሥራ ነው፤ ያለ እርሱ ግን የተማሪ ምርምር በድንግዝግዝ መሄድ ይሆን ነበር። ዋናውን የመማሪያ መጽሐፋቸውንም ከግላዲስ ናይት ጋር እንደ አዲስ ጽፈው በ1978 አሳተሙት። ዕድሜያቸው ያኔ ሰማንያ ነበር።

በዬል የነርሶች ትምህርት ቤት ዲን የነበሩት ፍሎረንስ ዋልድ ሥልጣናቸውን ትተው፣ መዳን የማይችሉ ሕሙማን ሥቃያቸው እየተቃለለላቸው ከቤተ ሰባቸው ጋር የሚሰናበቱበትን አገልግሎት ለመመሥረት ተነሡ። በ1974 ሥራ የጀመረው የኮነቲከት ሆስፒስ በአሜሪካ የዚህ ዓይነት የመጀመሪያው ተቋም ሆነ። ሲስተር ቨርጂኒያ መጋቢት 1996 በ98 ዓመታቸው ያረፉት በዚያው ሆስፒስ ነው።